በሥራው መፍረድ፣ በሠሪው መፍረድ

ሰው አንድን ነገር አይቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። ከገበያ የተመለሰ ስለ ገበያው፣ ከሠርግ የተመለሰ ስለ ሠርጉ፣ ፊልም ያየም ስለ ፊልሙ መናገሩ አይቀርም። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ያዩትን ለሌላው ማካፈል ሰው ለብቻው እንዲኖር ያልተፈጠረ ለመሆኑ አንዱ ምልክት ነው። ነገር ግን ስላየነው ስንናገር ፍርድ እንሰጣለን፤ ፍርድ ባለበት ሁሉ ደግሞ ፍትሕን መጠበቅ ወይም ማጓደል አለ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው፦ ሌላው ሰው ደክሞ በሠራው ፊልም ላይ በአደባባይ ስንፈርድ፣ ለእውነት ያለብን ግዴታና ለሠሪው ያለብን ግዴታ እንዴት አብረው ይሄዳሉ?

ጥያቄው ከመጽሐፍ የመጣብኝ አይደለም። በቁምስናችን ጥቂት ወጣቶች ቅዳሜ ከትምህርተ ክርስቶስ በኋላ ተሰብስበው ፊልም ያያሉ። ካዩ በኋላ ይወያያሉ፤ ውይይታቸውንም በስልክ ቀድተው ለወዳጆቻቸው ይልካሉ፤ ወዳጆቻቸውም ለሌሎች ያስተላልፋሉ። አንድ ቀን በአገራችን በአነስተኛ ገንዘብ የተሠራ አንድ የአማርኛ ፊልም አነሡ። ድምፁ አይሰማም፤ ተዋንያኑ ሲነጋገሩ የመኪና ጩኸት ይውጣቸዋል። ወጣቶቹ በዚህ ሳቁ፤ ሳቁ እየሞቀ ሲሄድ ከመካከላቸው አንዱ «እነዚህ እኮ የሰው ገንዘብ የሚበሉ ሌቦች ናቸው» አለ። እኔም በቦታው ነበርኩ፤ አብሬ ሳቅሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት እናት ከቅዳሴ መልስ ጠብቀው አነጋገሩኝ። ልጃቸው በዚያ ፊልም ላይ ድምፅ በመቅዳት ሠርቶ ኖሯል። «መምህር፤ ድምፁ መጥፎ መሆኑን እሱም ያውቃል፤ ሲያዝንበት ከርሟል። ልጆቹ ሌባ ያሉት ግን ምን ሰርቆ እንደሆነ ልጠይቅዎ ብዬ ነው» አሉኝ። በቁጣ አልተናገሩም። መልስ ግን አልነበረኝም።

ሳያዩ መፍረድ

ፊልም ከተወለደ ጀምሮ ሳይታይ የሚፈረድበት ነገር ሆኖ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሉሚዬር ወንድማማቾች ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 በፓሪስ ግራን ካፌ በሚባለው ቤት ገንዘብ ለከፈሉ ተመልካቾች አጫጭር ተንቀሳቃሽ ምስሎችን አሳዩ። እያንዳንዱ ምስል አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር። አዲሱ ጥበብ ወደ አገራችን በመጣ ጊዜም በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። ጥላ በግድግዳ ላይ ሲራመድ ማየት ያስደነግጣልና በዚያ ዘመን ሰዎች መፍረድ አይገባንም። ሆኖም ነገሩ ትምህርት አለው፤ ስሙ ከወጣ በኋላ ብዙው ሰው በሩን ሳይረግጥ ፍርዱን ጨርሶ ነበር።

ቤተክርስቲያን በበኩሏ ለፊልም ገና ከጥዋቱ ትኩረት ሰጥታለች። ዓለም አቀፉ ካቶሊካዊ የሲኒማ ድርጅት በ1928 ተመሠረተ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 11ኛ በ1936 «ቪጂላንቲ ኩራ» በተባለው መልእክታቸው ስለ ሲኒማ ጽፈው፣ ጳጳሳት በየአገራቸው ፊልሞችን እየመረመረ ለምእመናን የሚያስታውቅ ጽሕፈት ቤት እንዲያቋቁሙ አሳሰቡ። ጲዮስ 12ኛ በ1957 «ሚራንዳ ፕሮርሱስ» በተባለው መልእክታቸው ሬዲዮንና ቴሌቪዥንን ጨምረው አስተማሩ፤ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1963 ስለ ማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን የራሱን ድንጋጌ አወጣ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ሐሳብ ፊልም ኃይል ያለው ነገር ነው የሚል ነው። ኃይል ያለው ነገር ደግሞ የሚያስተውል ተመልካች ይፈልጋል።

በአሜሪካ በ1930ዎቹ የተመሠረተው የጨዋነት ሊጅዮን የተባለው ካቶሊካዊ እንቅስቃሴ ይህን አደራ በራሱ መንገድ ተሸከመ። ፊልሞችን እየመረመረ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚል የፊደል ምልክት ይሰጥ ነበር፤ ሲ የተሰጠው የተወገዘ ነው። የወላጆችን ጭንቀት ማቃለሉ እውነት ነው፤ ዓላማውም ነፍሳትን መጠበቅ ነበር። ችግሩ ምእመኑ ፊደሏን ካየ በኋላ ማሰቡን ሊተው መቻሉ ላይ ነው። መርማሪው አይቶ የደረሰበት ፍርድ ላላየው ሰው የራሱ ፍርድ መስሎ ይታየዋል።

ይህ ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬ የፊደሉን ቦታ ቁጥር ይዞታል። በ1998 በአሜሪካ የተጀመረው ሮትን ቶሜቶስ የተባለው አገልግሎት ስለ አንድ ፊልም ከጻፉት ሐያስያን ውስጥ ስንቱ በበጎ እንደ ጻፈ ቆጥሮ በመቶኛ ያስቀምጣል፤ 60 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኘው «ትኩስ» ይባላል፤ ከዚያ በታች የሆነው «የበሰበሰ»። ልብ በሉ፤ ይህ ቁጥር የፊልሙን መልካምነት መጠን አይለካም። ሁሉም ሐያሲ «ክፉ አይደለም፣ ይበቃል» ያለው ፊልም 100 በመቶ ሊያገኝ ይችላል፤ ግማሹ ከልቡ የወደደውና ግማሹ ከልቡ የጠላው ግን በ50 ላይ ይቀራል። «40 በመቶ ነው ያገኘው፣ የማይረባ ነው» ብሎ ሳያይ የሚናገር ወጣትና «ሲ ተሰጥቶታል» ብሎ ያወግዝ የነበረው አያቱ አንድ ዓይነት ነገር አድርገዋል። ሁለቱም ምስክርነት የሰጡት ባላዩት ነገር ላይ ነው።

በ1960 የተፈረዱ ሁለት ፊልሞች

አይቶ መፍረድ ግን ብቻውን በቂ አይደለም። በአንድ ዓመት የወጡ ሁለት ፊልሞች ይህን ያሳያሉ።

የመጀመሪያው የጣሊያናዊው የፌዴሪኮ ፌሊኒ «ላ ዶልቼ ቪታ» ነው፤ ትርጉሙ «ጣፋጩ ሕይወት» ማለት ነው። በሮም ከተማ ከድግስ ወደ ድግስ የሚዞር፣ ሁሉ ተርፎት ነፍሱ የተራበች የአንድ ጋዜጠኛ ታሪክ ነው። በየካቲት 1960 በሚላኖ ሲታይ ከተመልካቹ አንዱ በፌሊኒ ላይ ምራቁን ተፋበት። «ሎሴርቫቶሬ ሮማኖ» የተባለው የቫቲካን ጋዜጣ ፊልሙን አጥብቆ ነቀፈ። በዚያው በሚላኖ ከተማ በሳን ፌዴሌ ማእከል ይሠሩ የነበሩ ኢየሱሳውያን ግን ፊልሙን በትዕግሥት መርምረው ሌላ ነገር አዩበት፤ ባዶነትን ማሳየት ባዶነትን ማመስገን አይደለም፤ ምናልባትም ሰው ያለ እግዚአብሔር ምን ያህል እንደሚደክም የሚያሳይ ሥራ ነው የሚል ንባብ። ለዚህ አቋማቸውም ቀላል ያልሆነ ተግሣጽ ደረሰባቸው። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ፊልሙ በካን ፌስቲቫል የወርቅ ዘንባባውን ሽልማት አገኘ።

እዚህ ላይ ሁለቱም ወገኖች አይተዋል፤ ሁለቱም ለነፍሳት ያስባሉ። የተለያዩት ኃጢአት በፊልም ላይ ስለ ታየ ብቻ ፊልሙ ኃጢአትን ይወዳል ብሎ መደምደም ይቻላልን በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ኃጢአትን ሳያነሣ ስለ ሰው እውነተኛውን ታሪክ መናገር የሚችል ማን ነው? ስለዚህ ሐያሲ «ምን ታየ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃውም፤ «የታየው በምን ዓይን ታየ?» ብሎም መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛው እንግሊዛዊው ማይክል ፓወል የሠራው «ፒፒንግ ቶም» ነው። ፓወል ከኤምሪክ ፕሬስበርገር ጋር በ1940ዎቹ በሠራቸው ፊልሞች የተከበረ ሰው ነበር። ይህ ፊልም ግን ሴቶችን እየገደለ ሞታቸውን በካሜራ የሚቀርጽ የአንድ ወጣት አስጨናቂ ታሪክ ነው። የለንደን ጋዜጦች ሐያስያን ፊልሙን በመንቀፍ ብቻ አልተመለሱም፤ በእንዲህ ዓይነት ቁጣና ስድብ ወረዱበት፣ ፊልሙ ከሲኒማ ቤቶች በቶሎ ተነሣ። ፓወል ከዚያ በኋላ በአገሩ እንደ ቀድሞው መሥራት አልሆነለትም። ሥራውን እንደገና ወደ ብርሃን ካወጡት መካከል በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ማርቲን ስኮርሴዜ አንዱ ነው። ዛሬ ፊልሙ ሌላውን ሰው እንደ ትርኢት የማየትን ክፋት የሚመረምር ሥራ ተብሎ ይጠናል።

በ1960 ፊልሙን ክፉኛ ከነቀፉት መካከል የሰንደይ ታይምስ ሐያሲ ዲሊስ ፓወል ነበሩ፤ ከዳይሬክተሩ ጋር ስማቸው ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም። እኚህ ሴት በ1994፣ ዕድሜያቸው ከ90 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በዚያው ጋዜጣ ላይ ተመልሰው ጻፉ። በዚያን ጊዜ ተሳስቼ ነበር፣ ፊልሙ ታላቅ ሥራ ነው፣ ከሞት በኋላ ሕይወት ካለ ማይክል ፓወልን ይቅርታ መጠየቅ ግዴታዬ ነው የሚል ሐሳብ ነበር የጻፉት። ዳይሬክተሩ ከአራት ዓመት በፊት በ1990 ዐርፎ ነበር።

አባቶቻችን «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላሉ። 34 ዓመት ዘግይቶ የመጣ ይቅርታ የተናጋሪዋን ክብር ያሳያል፤ የተጎዳውን ሰው ግን አላገኘውም።

ነገርና ሰው

ታዲያ ሐያሲ ሁሉ ዝም ይበል ማለት ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ በ13ኛው መቶ ዓመት ስለ ፍርድ ሲያስተምር ያደረገው አንድ ልዩነት ብዙ ይረዳናል። ሊቁ በነገር ላይ መፍረድና በሰው ላይ መፍረድ አንድ አይደሉም ይላል። በነገር ላይ ስንፈርድ ልንጥር የሚገባን ነገሩን እንዳለ ለማየት ነው፤ መልካሙን መልካም፣ ጎደሎውን ጎደሎ ማለት። ድንጋይን ወይም ወንበርን ክፉ ነው ብንል ድንጋዩ አይጎዳም፤ ቢሳሳት የሚጎዳው የራሳችን አእምሮ ነው። በሰው ላይ ስንፈርድ ግን ግልጽ ማስረጃ እስከሌለ ድረስ ወደ በጎው ማዘንበል ይገባናል፤ ምክንያቱም ሰው በክፉ ሲታሰብበት ይጎዳል። ክፉን ሰው በየጊዜው በጎ ነው ብሎ መሳሳት፣ አንድ ጊዜም ቢሆን በጎውን ሰው ክፉ ነው ብሎ ከመሳሳት ይሻላል።

ይህን ልዩነት ወደ ፊልም ስናመጣው መልሱ ግማሽ መንገድ ይደርሳል። ፊልሙ ነገር ነው፤ ስለዚህ ስለ ፊልሙ እውነቱን ሳንቀባባ እንናገር። ድምፁ የማይሰማ ከሆነ አይሰማም እንበል። ሠሪው ግን ሰው ነው፤ ስለዚህ ስለ ልቡ፣ ስለ ዓላማው፣ ስለ ሐቀኝነቱ ያለ ማስረጃ አንፍረድ። «ድምፁ አይሰማም» የሚለው ቃል የመጀመሪያው ዓይነት ፍርድ ነው። «ሌቦች ናቸው» የሚለው ሁለተኛው ነው። ያቺ እናት ከቅዳሴ በኋላ ቆመው የነገሩኝ፣ የሊቁን መጽሐፍ ሳያገላብጡ፣ ይህንኑ ልዩነት ነበር።

የፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒ ታሪክም ነገሩን ያብራራዋል። ይህ ሰው እምነት የለኝም የሚል ማርክሳዊ ነበር። በ1963 «ላ ሪኮታ» በተባለው አጭር ፊልሙ ሃይማኖትን ሰድቧል ተብሎ በጣሊያን ፍርድ ቤት ተፈረደበት። በቀጣዩ ዓመት በ1964 ስለ ጌታችን ሕይወት የማቴዎስን ወንጌል ተከትሎ አንድ ፊልም ሠራ፤ መታሰቢያነቱንም ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ አደረገ። ዓለም አቀፉ ካቶሊካዊ የሲኒማ ድርጅት ፊልሙን ሸለመው። በ1995 ሲኒማ 100 ዓመት ሲሞላው የቫቲካን የማኅበራዊ መገናኛ ጉዳዮች ጳጳሳዊ ምክር ቤት የመረጣቸው 45 ፊልሞች ዝርዝር ውስጥም ይኸው ሥራ ይገኛል። ሠሪው ማን ነው ብለው ብቻ የጠየቁ ቢሆን ኖሮ ሥራውን ባላዩት ነበር።

ዝምታ ሁልጊዜ ፍቅር አይደለም

መልሱ ግማሽ መንገድ ይደርሳል ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ፊልም እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ ወደ ሰዎች ልብ ይገባል። በ1915 አሜሪካዊው ዲ. ደብልዩ. ግሪፊዝ ስለ እርስ በርስ ጦርነቱና ከዚያ በኋላ ስለ መጣው ዘመን አንድ ረጅም ፊልም ሠራ፤ «የአንድ ሕዝብ ልደት» ይባላል። በአሠራር ጥበቡ በዘመኑ ያስደነቀ ነበር። ነገር ግን ጥቁሮችን እንደ አውሬ፣ ኩ ክለክስ ክላን የተባለውን ነፍሰ ገዳይ ማኅበር ደግሞ እንደ አዳኝ አድርጎ ያሳያል። ጥቁር አሜሪካውያንና የመብት ማኅበራቸው በየከተማው ተቃወሙት። ዓመቱ ሳይወጣ ፈርሶ የነበረው ክላን በጆርጂያ ግዛት እንደ አዲስ ተቋቋመ፤ ፊልሙንም አባላት ለመሰብሰብ ተጠቀመበት።

በዚያን ጊዜ «የካሜራ ሥራው ድንቅ ነው» ብሎ ያበቃ ሐያሲ ውሸት አልተናገረም፤ ግን እውነቱን አጉድሏል። ስለዚህ ለሠሪው ማሰብ ማለት ሥራው የሚጎዳቸውን ሰዎች መርሳት ማለት ሊሆን አይችልም። አንድ ፊልም ሰውን የሚያዋርድ ከሆነ መናገር ግዴታ ነው፤ የምንናገረው ግን የትኛው ትርኢት፣ እንዴት አድርጎ፣ ማንን እንደሚያዋርድ እያሳየን ነው። እንዲህ ያለው ነቀፋ ከስድብ ይልቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሊመረመርና ሊመለስለት ይችላል። ስድብ መልስ የለውም።

ከመፍረድ በፊት መጠየቅ

ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ መንፈሳዊ ልምምድን ለሚሰጡና ለሚቀበሉ ሰዎች በመግቢያው ላይ አንድ ሥርዓት አኑሯል፤ የባልንጀራን ቃል ከመኰነን ይልቅ በበጎ ለመተርጐም መፍጠን ይገባል፤ በበጎ መተርጐም ካልተቻለ ምን ማለቱ እንደሆነ ራሱን መጠየቅ፤ ስሕተት ከሆነም በፍቅር ማረም። ለውይይት የተሰጠ ሥርዓት ቢሆንም ፊልም አይተው ለሚነጋገሩ ሰዎችም ይስማማል። በተለይ ሁለተኛው ደረጃ፣ መጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የምንዘልለው ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፈረንሳይ የፊልም ክበቦች ሲስፋፉ፣ ካቶሊካዊው ሐያሲ አንድሬ ባዛን ለሠራተኞችና ለተማሪዎች ፊልም እያሳየ ከእነርሱ ጋር ይወያይ ነበር። በ1951 «ካዬ ዱ ሲኔማ» የተባለውን መጽሔት ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ በ1958 ገና በ40 ዓመቱ ዐረፈ። በእርሱ እጅ ያደገው ፍራንሷ ትሩፎ ግን በወጣትነቱ ብዕሩ እጅግ የሰላ ነበር፤ ከመናደፉ የተነሣ በ1958 የካን ፌስቲቫል የጋዜጠኛ መግቢያ ከለከለው። በዓመቱ በ1959 ራሱ ፊልም ሠርቶ ወደዚያው ፌስቲቫል መጣ፤ የዳይሬክተርነትን ሽልማትም ወሰደ። ፊልሙን መታሰቢያ ያደረገው ለባዛን ነው። ትናንት ፈራጅ የነበረው በአንድ ዓመት ውስጥ በፈራጆች ፊት ቆመ። እያንዳንዳችንም እንዲህ ያለ ቀን ይመጣብናል፤ ሰባኪው ስብከቱን፣ መምህሩ ትምህርቱን፣ እናት ያሳደገችውን ልጅ ይዞ በሌሎች ዓይን ፊት የሚቆምበት።

እንግዲህ ወጣቶችን የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ፊልም አይታችሁ በምትወያዩበት ጊዜ ይህን ሥርዓት ብትሞክሩት መልካም ነው። አንደኛ፣ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ሳያይ ማንም አይፍረድ፤ ያላየ ይጠይቅ እንጂ አይናገር። ሁለተኛ፣ «ወደድኩት» ወይም «ጠላሁት» ከማለት በፊት እያንዳንዱ ያየውን አንድ ትርኢት ይግለጽ። ሦስተኛ፣ ሠሪው ምን ሊል እንደፈለገ በበጎው ለመረዳት ይሞከር። አራተኛ፣ ጉድለቱ በግልጽ ይነገር፤ ነገር ግን ሠሪው በዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቢሰማን የምናፍርበት ቃል አይኑርበት። ይህ የመጨረሻው ፍርድን ለማለዘብ የተሰጠ ምክር አይደለም። ሰው ፊት ለፊት ሊባል የሚችል ነቀፋ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጥ ትክክለኛ ይሆናል፤ ማስረጃ ይዘን እንድንመጣ ያስገድደናልና።

እኛም ይህን የተማርነው ዘግይተን ነው። ያቺ እናት የነገሩኝን ለወጣቶቹ ነገርኳቸው፤ አብሬ መሳቄንም አልደበቅሁም። ዝም አሉ። በመጨረሻ «ሌቦች» ያለው ልጅ ራሱ «እንጥራው» አለ። ድምፅ ቀጂው በቀጣዩ ቅዳሜ መጣ። ለጠቅላላው ሥራ የነበራቸው አንድ ማይክሮፎን ብቻ እንደሆነ፣ ቤቱ የተገኘው ከአስፋልት ዳር እንደሆነ፣ ሌሊት እንዳይቀርጹም ተዋንያኑ ቀን ሥራ ውለው ማታ ወደ ቤተሰባቸው የሚመለሱ ስለ ነበሩ እንደማይቻል አስረዳ። ከዚያም «እንዲህ ሆኖም ያ ትርኢት መውጣት አልነበረበትም፤ እንደገና መቅረጽ ነበረብን» አለ። በእርሱ ሥራ ላይ ከእኛ ሁሉ ይልቅ የጠነከረውን ፍርድ የሰጠው እርሱ ነበር።

ወጣቶቹ በዚያ ቀን አዲስ ውይይት ቀዱ። ስለ ድምፁ የተናገሩትን አልለወጡም፤ የማይሰማ ነገር ተሰማ ማለት ለማንም አይጠቅምም። «ሌቦች» ያሉትን ግን ስሕተት ነበር ብለው በስም ጠቅሰው መለሱት፤ የመጀመሪያውን ለላኩላቸው ሰዎች ሁሉም ላኩት። ለስንቱ እንደ ደረሰ አይታወቅም፤ የመጀመሪያው ከእጃቸው ወጥቶ ወደማያውቋቸው ሰዎች ሄዷልና። እናትየውን በሚቀጥለው እሑድ በቤተክርስቲያን በር ላይ አገኘኋቸው። «ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለውኝ አለፉ።